ሐዋሳ ላይ የአርክቴክቶች ማኅበር፦ ከምሥረታው ቀን በኋላ ሰው እንዳይበተን ምን ይደረግ?

ታቦር ሥር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ላይ የምንሠራ አርክቴክቶች (ከይርጋለምና ከሻሸመኔ የሚመጡም አሉ) ተሰባስበን ማኅበር ለመጀመር ተስማምተናል። ስም ዝርዝሩ ላይ ሠላሳ ገደማ ሰው ሰፍሯል፤ ግማሹ በቅርብ የተመረቀ ነው። ቢሮ የለንም፤ ከመዋጮ በቀር ገንዘብም የለም። እንዲህ ያለው ነገር ጠባዩ ይታወቃል፦ መጀመሪያ ቀን ወንበር ይጠፋል፣ ሁለተኛው ላይ ግማሹ ይመጣል፣ ሦስተኛው ላይ ሊቀ መንበሩና ጸሐፊው ይፋጠጣሉ።

ሦስት ነገር እንድትነግሩን ነው። ወርኃዊው መርሐ ግብር ምን መልክ ይኑረው? በዓለም የአርክቴክቸር ቀን የተመራቂዎችን ሥራ ሐይቁ ዳር፣ ከቤት ውጭ፣ ለሕዝብ ለማሳየት አስበናል፤ ማሳያ ሰሌዳው በምን ይሠራ፣ ስንትስ ይበቃል? ደግሞስ በኢትዮጵያ አርክቴክቶች ማኅበር ሥር ቅርንጫፍ እንሁን ወይስ ለብቻችን እንመዝገብ?

ቀይ እስክሪብቶ፦

የምዝገባውን ነገር ለሚያውቁት ትቼ ስለ ወርኃዊው ልናገር። ስብሰባ የሚሞተው አጀንዳው ራሱ ማኅበሩ ሲሆን ነው፤ «ስለ መዋጮ»፣ «ስለ ማኅተም»፣ «ስለ ደንብ ማሻሻያ»። ሰው ከሥራ ወጥቶ ባጃጅ ከፍሎ የሚመጣው ቢሮው ውስጥ የማያገኘውን ፍለጋ ነው። አንድ ወይም ሁለት አርክቴክት ብቻ ባለበት ቢሮ የሚጎድለው ሁለተኛ ዓይን ነው። ስለዚህ ወርኃዊውን የእርማት ምሽት አድርጉት፦ የሥራ ሥዕል ታትሞ ይመጣል፣ ሌሎች በቀይ ያርሙታል።

በአንድ ምሽት ሁለት ፕሮጀክት ብቻ። ሦስተኛ ከገባ ሁሉም ይቸኩላል። ለእያንዳንዱ ከ12 እስከ 15 ገጽ በኤ3 ይታተም፦ ሳይት ፕላን፣ የሁሉም ፎቆች ፕላን፣ ሁለት ሴክሽን (ሕንፃው ከላይ ወደ ታች ተቆርጦ የሚታይበት ሥዕል)፣ የጣሪያ ፕላን፣ የደረጃና የመጸዳጃ ቤት ዝርዝር፣ የበርና መስኮት ሠንጠረዥ። ከስትራክቸር መሐንዲሱ ሥዕልም የመሠረቱና የመጀመሪያው ሶሌታ (የፎቅ ኮንክሪት ወለል) ፕላን የግድ ይጨመር። በ1፡100 ሲሆን 35 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ ኤ3 ላይ ይገባል። ሁለት ሁለት ቅጂ ይበቃል። በፕሮጀክተር አታድርጉት፤ መብራት ቢጠፋ ምሽቱ ያልቃል፣ ባይጠፋም ግድግዳ ላይ የሚንሸራተት ፕላን ማንም አይለካም። ወረቀት ላይ ግን ስኬል ማስመሪያ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም።

ሰዓቱ እንዲህ ይከፈል። ከምሽቱ 12 ሰዓት መሰባሰብ፣ 12፡15 መጀመር። ባለ ሥራው 5 ደቂቃ ያስረዳል። ቀጥሎ 15 ደቂቃ ማንም ሳይናገር ሁሉም እያነበበ ወረቀቱ ላይ ይጽፋል። 20 ደቂቃ ውይይት፣ መጨረሻ 5 ደቂቃ ባለ ሥራው ይመልሳል። የ15 ደቂቃ ሻይ፣ ከዚያ ሁለተኛው በዚያው መልክ። 2 ሰዓት ላይ ያልቃል፤ ባጃጅም አልጠፋም። የጸጥታውን 15 ደቂቃ እንዳትነኩት። ከተዘለለ የመጀመሪያው ተናጋሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ ትልቁ፣ ውይይቱን ይወስደዋል፤ አዲስ ተመራቂውም ያየውን ስህተት ይዞ ቤቱ ይገባል።

ቀኑን «የወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ» ብላችሁ አንዴ ወስኑና አትንኩት፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ጻፉ፣ የዚህ ግርታ ብቻውን ግማሹን ሰው ያስቀራል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ እሑድ ለብዙው የቤተ ክርስቲያን ቀን ነው።

ምን ይታረማል? በብዛት የሚገኙትን ልንገርህ። አንደኛ፣ የአርክቴክቱና የስትራክቸሩ አክሲስ (ኮለን የሚቆምበት መስመር) አለመግጠም፤ ኮለኑ (ምሰሶው) መስኮት መሐል ወይም በር ጉበን ላይ ያርፋል። ሁለቱን ወረቀት ደራርቦ መብራት ላይ መያዝ ይበቃል። ሁለተኛ ደረጃ ነው፣ ይኼ ሰፋ ያለ ነገር ይፈልጋል። ሴክሽኑ ላይ የፎቅ ከፍታ 3.06 ሜትር ተደርጎ 18 መውጫ (የአንዱ ደረጃ ቁመት) በ17 ሴንቲ ሜትር ይሣላል፤ መርገጫው (እግር የሚያርፍበት) 29። ሁለት ጊዜ መውጫ ሲደመር መርገጫ 63 ይመጣል፣ ለእግር የሚመች ልክ ነው። በኋላ ስትራክቸር መሐንዲሱ ቢሙን (አግዳሚ ተሸካሚውን) ያወፍርና የፎቁ ከፍታ 3.20 ይሆናል። ደረጃውን ግን ማንም እንደገና አያሰላውም። ግንበኛው 18ቱን በ17 አውጥቶ 14 ሴንቲ ሜትር ይተርፈዋል፤ መጨረሻ ላይ ያቺን አጭር ደረጃ ያደርጋታል። እግር 17ን ለምዶ 14 ሲያገኝ ይደናቀፋል። መፍትሔው 19 መውጫ ነው፤ እያንዳንዱ 16.8 ይሆናል። ነገር ግን አንድ መርገጫ ስለተጨመረ 29 ሴንቲ ሜትር ከላንዲንጉ (ከደረጃው ማረፊያ) ይቀነሳል፣ እሱ ደግሞ ከደረጃው ስፋት በታች ወርዶ እንደሆን መታየት አለበት። እርማቱ ወረቀት ላይ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ግን በመዶሻ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ፦ የመጸዳጃ ቤት ዳክት (ቱቦዎቹ የሚወርዱበት ክፍተት) ከፎቅ ፎቅ አይገጥምም፤ የበር ሠንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር ፕላኑ ላይ ካለው ይለያል፤ አሸንዳው መውረጃ ቱቦ የለውም ወይም ቱቦው በሳሎን በኩል ይወርዳል። ሐይቁ አጠገብ ላሉ ቦታዎች አንድ ተጨማሪ፦ የፍሳሽ ማስረጊያ ጉድጓዱ ጥልቀት። የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ በሆነበት ቦታ 4 ሜትር ጉድጓድ መሣል ውኃ ውስጥ መቅበር ነው። የሙከራ ጉድጓድ በክረምቱ መጨረሻ ተቆፍሮ ውኃው የቆመበት ከፍታ ሴክሽኑ ላይ መጻፍ አለበት። በበጋ የተለካ ያታልላል።

ኮፍያና ቦቲ፦

ቀይ እስክሪብቶ ያለው ትክክል ነው፤ ግን በየወሩ ወረቀት ብቻ ከሆነ ማኅበሩ ሌላ የሥዕል ክፍል ይሆናል። ሦስት የእርማት ምሽት፣ ከዚያ አንድ የሳይት ጉብኝት ቅዳሜ ጠዋት፤ በዚህ ዙር ቢሄድ ይሻላል።

ጉብኝቱን ዋጋ የሚሰጠው ቀኑ ነው። የሶሌታ ፌሮ (ብረት) ታስሮ አልቆ ኮንክሪት ሊሞላ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲቀረው መሄድ። በሙሌት ቀን አይኬድም፤ ሁሉም ሰው ይሯሯጣል፣ እናንተም እንቅፋት ትሆናላችሁ፣ የሚታየውም ነገር ተሸፍኗል። ልስን ካለቀ በኋላ ደግሞ የሚታየው ቀለም ነው። ቀኑ በአንድ ሳምንት ሊንሸራተት ስለሚችል ለአባላት «ከዚህ እስከዚህ ባለው ቅዳሜ» ብላችሁ አስታውቁ፣ ረቡዕ ላይ አረጋግጡ።

ፈቃድ ከሦስት ወገን በደብዳቤ ይጠየቃል፦ ከባለቤቱ፣ ከሥራ ተቋራጩና ከተቆጣጣሪው። አንዱን ብቻ ጠይቆ መሄድ በር ላይ ያስመልሳል። ደብዳቤው ላይ የሰው ብዛት፣ ሰዓትና ፎቶ ይነሣ እንደሆነ ይጻፍ። ከ12 እስከ 15 ሰው በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የኋለኛው ሰው አይሰማም፣ ፌሮ ላይም መረጋገጥ ይበዛል። ሄልሜትና ጫማ ያላደረገ አይገባም፣ ነጠላ ጫማ ያደረገ ሊቀ መንበር ቢሆንም። ከፌሮው ላይ ሲኬድ ጣውላ ተነጥፎ ይሁን፤ የላይኛው ፌሮ ከተረገጠ ይወርድና ድጋፉ ላይ ያለው አቅም ይቀንሳል።

ከተማው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ ዓይን መጀመሪያ ኮለንና ቢም የሚገናኙበት ላይ ይሁን። ስታፋዎቹ (ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያስሩት ቀጫጭን ብረቶች) ወደ መገናኛው ሲቀርቡ መጠጋጋት አለባቸው፤ ጫፋቸውም 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮንክሪቱ ልብ መግባት አለበት። 90 ዲግሪ ብቻ የታጠፈ ስታፋ መሬት ሲንቀጠቀጥና ሽፋኑ ሲራገፍ ይከፈታል። ይህንን አርክቴክት «የኢንጂነሩ ጉዳይ ነው» ብሎ ማለፍ የለበትም፤ ምክንያቱም ቀጥሎ ያለው ስህተት የራሱ ነው፦ በኮለኖች መሐል ግማሽ ድረስ ብሎኬት ገንብቶ ከላይ ረጅም መስኮት መተው። የመማሪያ ክፍልና የመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ እናበዛዋለን። ኮለኑ ከታች ስለተያዘ የሚተጣጠፈው በላይኛው አጭር ቁመቱ ብቻ ነው። አጭር ኮለን ግትር ነው፣ ግትሩ ደግሞ ጉልበቱን ወደ ራሱ ይስባል፤ በሰያፍ የሚሰነጠቀውም እሱ ነው። ከግድግዳውና ከኮለኑ መሐል 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ትቶ በለስላሳ ነገር መሙላትና ግድግዳውን ለብቻው እንዳይወድቅ ማሰር ይቻላል። ይኼን በእጅ እያሳዩ ማስረዳት ከአንድ ሰዓት ንግግር ይበልጣል።

እዚያው ሳሉ የኤሌክትሪክ ቱቦዎች ኮለን አጠገብ በአንድ ላይ ታጭቀው እንደሆነ፣ ከፌሮው ሥር ስፔሰር (ፌሮውን ከሞልዱ ከፍ አድርጎ የሚይዝ) መኖሩንም ይመልከቱ። የታየው ስህተት በጽሑፍ ለተቆጣጣሪው ብቻ ይሰጥ። ቴሌግራም ላይ ከወጣ ቀጣዩ ሳይት በር አይከፍትም።

ሞራሌ 5 በ 7፦

ወደ ሰሌዳው። ፈርኒቸር ቤት አታዙ፤ ቁሳቁሱ ተራ ነው፣ አናጺ በአንድ ቀን ይሠራዋል።

ኮምፔንሳቶው (ተጣብቆ የተሠራ የእንጨት ሰሌዳ) 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። አግድም አድርጉት፣ ማለትም 2.44ቱ ወርድ ይሁን። ኤ1 ወረቀት ቆሞ 59.4 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ሦስቱ 178 ይሆናሉ፣ ስለዚህ 66 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ለአራት ክፍተት ሲካፈል 16.5 ገደማ። ያምራል። አቁማችሁት ሁለት ኤ1 ጎን ለጎን ካደረጋችሁ ግን የሚተርፈው 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ዓይን አያሳርፍም። የሰሌዳው የታች ጠርዝ ከመሬት 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ያኔ መሐሉ 1.51 ሜትር ላይ ያርፋል፣ የቆመ ሰው ዓይን እዚያው አካባቢ ነው። በሁለቱም ፊት ስለሚለጠፍ አንድ ሰሌዳ ስድስት ኤ1 ይይዛል። ለአንድ ተማሪ ሦስት ገጽ ብትፈቅዱ፣ አንዱ ፊት የአንድ ተማሪ ይሆናል። ስምንት ተማሪ፣ አራት ሰሌዳ። ከዚያ በላይ አትብዙ፤ ቆሞ የሚያነብ ሰው ከስምንት ሥራ በላይ አይሸከምም። አምስት ገጽ ካልሆነ የሚል ተማሪ ይኖራል፤ አይሆንም በሉት።

እግሩ ሞራሌ (የተሰነጠቀ ወፍራም እንጨት) 5 በ 7 ሴንቲ ሜትር፣ በሰሌዳው ግራና ቀኝ አንዳንድ። ከታች 80 ሴንቲ ሜትር አግዳሚ በተገላበጠ ቲ ቅርጽ ይሰካ፤ በብሎን ይታሰር እንጂ በሚስማር አይመታ፣ ነገ ፈትታችሁ ታስቀምጡታላችሁ።

አሁን ዋናው ነፋሱ ነው። ሰሌዳው 3 ካሬ ሜትር ሸራ ማለት ነው። በሰከንድ 10 ሜትር የሚሄድ ነፋስ ፊት ለፊት ቢመታው 20 ኪሎ ገደማ በሆነ ጉልበት ይገፋዋል፤ ግፊቱ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ የራሱ ክብደት አያስቆመውም። በአራቱ የእግር ጫፎች ላይ 20 20 ኪሎ አሸዋ በማዳበሪያ ጆንያ ይጫን። ጆንያውን መሐል ላይ ከምሮ ማስቀመጥ ቀላል ይመስላል፣ ግን በነፋሱ በኩል ጫፉ ላይ ያለው ከሰሌዳው አጠገብ ካለው በእጥፍ ይይዛል፤ ሰሌዳው የሚነሣው በነፋሱ በኩል ካለው ጫፍ ነውና። አሸዋው ጠጥሮ እንዳይታሰር፤ ግማሽ የሞላ ጆንያ እግሩ ላይ ይተኛል፣ የሞላው ይንከባለላል።

ከዚያ የሚበልጠው አቅጣጫው ነው። ከተማው ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ከምዕራብ ነው የሚመጣው። ሰሌዳዎቹን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ዘርጓቸው፣ ፊታቸው ሰሜንና ደቡብ ይይ። ነፋሱ በጠርዝ ያልፋል፣ የጠዋትና የማታ ፀሐይም በጎን ያልፋል። አብዛኛው ሰው ግን ሰሌዳውን ፊት ለፊት ወደ ሐይቁ ያዞራል፤ ፎቶ ያምራል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ግን ፀሐይና ነፋስ በአንድ ላይ ይመጡበታል። ነፋስ ስለሚዞር አሸዋውን አትተዉ።

ኅትመቱ ፎም ላይ የተለጠፈ ወረቀት አይሁን፤ ፀሐይ ያጎብጠዋል፣ ካፊያ ቀለሙን ያፈሰዋል። ሦስቱን ገጽ በአንድ ባነር አሳትሙ፣ ማት የሆነውን፤ የሚያብለጨልጨው ከሰዓት አይነበብም። ለጽሑፍ መጠን 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ፊደል ከ3 ሜትር ይነበባል ብላችሁ አስቡ። ተማሪዎቻችን የሚጽፉት 3 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለኮሚቴ እንጂ ለመንገደኛ አይደለም። ስለዚህ በየሥራው አናት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛና በሲዳምኛ ይጻፍ፦ ምን እንደሆነ፣ የት እንደታሰበ፣ ለማን እንደሆነ። «ኮንሴፕት» የሚለውን ቃል ከለከልኩ።

ስለ ቀኑ። የዓለም የአርክቴክቸር ቀን የኦክቶበር የመጀመሪያ ሰኞ ነው፤ በእኛ ከመስከረም 20 እስከ 27 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ሰኞ የሥራ ቀን ስለሆነ ቅዳሜ ከፍታችሁ ሰኞ ዝጉ። ግን ያ ቅዳሜና እሑድ ብዙ ጊዜ ከኢሬቻ ጋር ይገጥማልና ከአዲስ አበባ በቢሾፍቱ በኩል የሚመጣ እንግዳ ካላችሁ ዓርብ ይድረስ። ሌላው ደግሞ የተማሪው ሥራ የሚሰበሰበው በመስከረም አይደለም፤ ያኔ ተመራቂው ተበትኗል፣ ላፕቶፑም ተሸጧል። ፒዲኤፉን ተማሪው የመመረቂያ ሥራውን በሚያቀርብበት ቀን እዚያው ውሰዱ።

ደንብና ደረሰኝ፦

ምዝገባውን በአጭሩ። በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 በሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎች የሚንቀሳቀሱትን፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የተቋቋሙትንም ነው የሚመለከተው። ሲዳማ ክልል ውስጥ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ጉዳያችሁ ከክልሉ ጋር ነው። ከሻሸመኔ አባል ካላችሁ ግን አስቡበት፤ ሻሸመኔ ኦሮሚያ ናት። አባል መቀበልና እዚያ መሥራት አንድ አይደለም፣ ግን ሻሸመኔ ላይ ኤግዚቢሽን ልታደርጉ ካሰባችሁ የፌዴራሉ መንገድ ይመጣል። በአዋጁ ማኅበር ለማቋቋም አምስት አባል ይበቃል፣ የበላዩ አካል ጠቅላላ ጉባኤ ነው።

ለመጀመሪያው ዓመት ግን በአገር አቀፉ ማኅበር ሥር መሆን ይቀላል ባይ ነኝ። የሕግ ሰውነቱ አለ፣ እናንተ የምትፈልጉት የውክልና ደብዳቤና የሥራ ወሰን ነው። ደብዳቤው ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ መዋጮው ስንቱ እዚህ እንደሚቀር፣ ለከተማ አስተዳደሩ በማን ፊርማ እንደሚጻፍ፣ ሒሳቡ በማን ስም እንደሚከፈት። ይህ ሳይጻፍ የተጀመረ ቅርንጫፍ የመጀመሪያው ስፖንሰር ብር የሰጠ ቀን ይጣላል።

ገንዘብ ከግል ሒሳብ ጋር አይቀላቀል፣ ሁለት ፊርማ ይኑር። ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይቆረጥ። የወሩ ገቢና ወጪ በእርማቱ ምሽት ሻይ ላይ በአንድ ገጽ ይለጠፍ፣ አይነበብ፤ ከተነበበ ያው ስብሰባ ሆነ።

አንድ ግርታ አስቀድማችሁ አጥሩ። ማኅበሩ የሙያ ፈቃድ አይሰጥም፤ ያ የመንግሥት ነው። ብዙ አዲስ ተመራቂ «አባል ከሆንኩ ፈቃድ ይቀለኛል» ብሎ ይመዘገባል፣ አለመሆኑን ሲያውቅ ይቀራል።

ታቦር ሥር፦

እግዜር ይስጥልን፣ ከጠበቅነው በላይ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። የእርማት ምሽት ላይ የደንበኛን ሥዕል ማምጣት ችግር የለውም ወይ? ከመሐላችን ያለ ሌላ ቢሮ ደንበኛውን ቢወስደውስ? ኤግዚቢሽኑ ላይስ ሽልማት ይኑር የሚሉ አሉ።

ቀይ እስክሪብቶ፦

ስጋቱ እውነት ነው፤ ሰው ሥራ የማያመጣበት ዋናው ምክንያትም እሱ ነው። ከመታተሙ በፊት የባለቤቱ ስም፣ የቀበሌና የካርታ ቁጥር ይጥፋ፤ ሳይት ፕላኑ ላይ የጎረቤት መንገድ ስምም ይነሣ። ባለቤቱን በቃል ማስፈቀድ የባለ ሥራው ግዴታ ነው። ውሉ ያልተፈረመ፣ ገና በዋጋ ድርድር ላይ ያለ ሥራ አይምጣ። ፎቶ አይነሣም፣ የታረመው ወረቀት ሁለቱም ቅጂ ለባለ ሥራው ይመለሳል። እዚያ ያየውን ደንበኛ ያነጋገረ አባል ይሰናበታል የሚል አንድ መስመር ደንቡ ላይ ይግባ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምሽቶች ደግሞ የኮሚቴው ሰዎች የራሳቸውን ሥራ ያቅርቡ። ትልልቆቹ በቀይ ሲታረሙ ካልታየ ታናናሾቹ አያመጡም።

ደንብና ደረሰኝ፦

የተመረቀበትን ሥራ አትሸልሙ። ዩኒቨርሲቲው ውጤት ሰጥቶታል፣ እናንተ ሌላ ደረጃ ብታወጡ ከመምህራኑ ጋር ትቀያየማላችሁ፤ በዓመቱ ሥራውን ማን ይሰጣችኋል? መሸለም ካማራችሁ የሚሠራ ትንሽ ነገር ላይ የተለየ ውድድር አውጡ፤ ለምሳሌ አሞራ ገደል ላይ ለዓሣ ሻጮች ጥላና መታጠቢያ። ሁለት ኤ2 ገጽ ብቻ፣ ስድስት ሳምንት። ገጹ ላይ ስም ሳይሆን ተወዳዳሪው ራሱ የመረጠው ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ይጻፍ፤ ስሙና ያው ቁጥር በታሸገ ፖስታ ይግባ። ፖስታው የሚከፈተው ዳኞቹ ውሳኔያቸውን ፈርመው ከጨረሱ በኋላ ነው። ጥያቄ በጽሑፍ ብቻ፣ እስከ ሁለተኛው ሳምንት፤ መልሱ ለሁሉም እኩል ይላክ። ዳኛ ሦስት ወይም አምስት፣ አብዛኞቹ አርክቴክት፣ አንድ ከዓሣ አስጋሪዎቹ። የቢሮው ሠራተኛ የተወዳደረ ሰው አይዳኝም። አንዱ ቢቀር እኩል ድምፅ እንዳይመጣ አንድ ተጠባባቂ ዳኛ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይቀመጥ፤ መሐል ላይ የሚገባ ዳኛ ያላየውን ይፈርዳል።

ታቦር ሥር፦

ሰሌዳዎቹን ሌሊት የት እናድርጋቸው? ካፊያ ቢመጣስ?

ሞራሌ 5 በ 7፦

ቆመው ይደሩ፣ ባነሩ ግን ይነሣ። ባነሩን በስቴፕለር አትምቱት፤ አናቱንና ግርጌውን ቀጭን ሊስቴሎ (የእንጨት ዘንግ) ላይ ጠቅልላችሁ በሁለት ሁለት ብሎን እሰሩት፣ በአምስት ደቂቃ ይፈታል። ወደ ውጭ ጠቅልሉት፣ ቀለሙ በላይ ይሁን፤ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ባነር በማግስቱ ሲሰቀል ጠርዙ ወደ ፊት ይመለሳል። የኮምፔንሳቶውን ጠርዝ ዙሪያውን ሁለት እጅ ዘይት ቀለም ቀቡት፣ ውኃ የሚገባው በፊቱ ሳይሆን በጠርዙ ነው። ለጥበቃው የሁለት ሌሊት ሒሳብ ያዙ፤ ኮምፔንሳቶ ሐይቅ ዳር ብቻውን አያድርም።